ወጥ የማትችለው ባለሙያ

እህቴ ወጥ አትችልም ነበር። ይህን የምለው ላማት አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ ከዚህ ስለሚጀምር ነው። ሽንኩርቷ ከመቁላላቱ በፊት ያርራል፣ ሽሮዋ ይጓጉላል፣ ጨው ትረሳና ምግቡ ከቀረበ በኋላ በላዩ ትነሰንሳለች። እኔ ታናሿ ነኝ። ትምህርቴን አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ አቋርጬ፣ አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ ጎማ እየጠገንኩ፣ ቀራንዮ በተሰጣት አንዲት የቀበሌ ክፍል ውስጥ አብሬያት እኖር ነበር። ግጥም መጻፍ የጀመርኩትም ያኔ ነው። ራት ላይ ሐሳቤን ከምላሴ የሚያርቅልኝ ነገር ያስፈልገኝ ነበር።

የሚያስቀው፣ እህቴ የተመረቀችው በቤት ኢኮኖሚክስ ነው። ግድግዳችን ላይ ከአልጋዋ በላይ የምረቃ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ጥቁር ካባ የለበሱ ልጃገረዶች ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ገብታ ተጨማደው ቆመዋል። እህቴ ሲከፋት ወይም ደስ ሲላት ከፎቶግራፉ ሥር ትቆምና ጣቷን እያንዳንዳቸው ፊት ላይ እያሳረፈች ታወራልኛለች። ይቺ ሆስፒታል ውስጥ ለስኳር በሽተኛው፣ ለኩላሊት በሽተኛው ምን እንደሚቀርብ የምታዝ ሆናለች። ይቺ ልብስ ፋብሪካ ገብታ ቀለሙ እንዳይለቅ፣ ጨርቁ እንዳይሸበሸብ ትፈትናለች። ይቺ ቀጭኗ፣ ድርቅ ወደመታው አገር ሄዳ መጠለያ ውስጥ ለሕፃናት ገንፎ ታስገነፋለች፤ አለቃዋ ሳትሆን አትቀርም። የራሷ ፊት ጋ ስትደርስ ጣቷ ይዘለዋል።

"አንቺስ?" እላታለሁ።

"እኔማ ቀራንዮ ነኝ" ትለኛለች። እንደ ሥራም እንደ ቅጣትም አድርጋ ነበር የምትናገረው።

መሥሪያ ቤቷ እናቶችን እንድታስተምር የመደባት ሰፈራችን ግን ትምህርቷን አልተቀበለውም። ቦኖው ላይ እንስራና ጀሪካን ደርድረው ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች እሷን ሲያዩ ጨዋታቸው ይደምቃል። ከሁሉም የሚብሱት ቦኖውን የሚጠብቁት እማማ ነበሩ። ቧንቧውን ሲከፍቱና ሲዘጉ የሚውሉ፣ አጭር፣ ድምፃቸው ግን እስከ መድኃኔዓለም ደጃፍ የሚሰማ ሴትዮ።

"ወጥ ለመሥራት ኮሌጅ?" ይላሉ። "እኛማ ታዲያ ሳንማር ሁላችን ዶክተር ነን!"

"እማማ፣ እኔ የተማርኩት ወጥ አይደለም" ትላለች እህቴ።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ልጅ ምን ሲበላ እንደሚያድግ።"

"ልጅን የሚያሳድገው እግዜር ነው።"

"እግዜርም ቢሆን ባቄላ ሲጨመርበት ይቀለዋል።"

ሴቶቹ ይስቃሉ። እማማ ግን የመጨረሻውን ቃል ለማንም አይለቁም። "ሠላሳ ሊሞላት ነው፣ ጎጆ ሳትወጣ የቤት ትምህርት!" ብለው ቧንቧውን ጥርቅም ያደርጉታል።

እንዲህ ሲባባሉ ከረሙ። አንድ ቀን እህቴ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ የእማማን የልጅ ልጅ አየችው። ታናሹ ሲወለድ ጡት የተነጠቀ ልጅ ነው። አያቱ እግር ሥር ተቀምጦ ዝንብ ፊቱ ላይ ሲያርፍ እንኳ አያባርርም። ጸጉሩ እንደ በቆሎ ጢም ቀልቷል። እግሩ ድቡልቡል ብሏል።

"ወፍሮልኛል" አሉ እማማ።

እህቴ ጀሪካኗን አስቀምጣ ተንበረከከች፤ የልጁን እግር በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ሥጋው እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። "ይሄ ውፍረት አይደለም፣ ከምግብ ማነስ የመጣ እብጠት ነው" አለች። እማማም ያን ጊዜ አልቀለዱም።

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም አየሁት። የተቆላ ገብስና ባቄላ አብራ አስፈጭታ፣ ዘይት ጠብ አድርጋ እማማ ቤት ምድጃ ላይ አገነፋች። ማንኪያውን ገለበጠችው። ገንፎው አልወደቀም። "እማማ፣ ከማንኪያው የሚፈስ ከሆነ ልጁን ውሃ እያጠጡት ነው" አለቻቸው፤ "እንዲህ ከቆመ ነው የሚያበሉት።" ወጥ ስትሠራ የሚደናበረው እጇ ያን ማንኪያ ሲይዝ ፍጹም የሌላ ሰው እጅ ነበር። ቀን ከቀን እየሄደች አበላችው፤ ከዚያም አያቱ ራሳቸው ያበሉት ጀመር። አንድ ጠዋት ቦኖው ላይ እማማ በዚያ ድምፃቸው ሲያማርሩ ሰማሁ።

"ይሄ ልጅ በጩኸት አደነቆረን! አምጡ፣ አምጡ፣ አምጡ ነው! እሷ ናት ያስለመደችብኝ!"

እንዲህ ያለ ደስ የሚል ስሞታ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

ወሬው ሮጠ። ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጡ ጀመር። ቤታችን አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋዋ፣ የእኔ ፍራሽ፣ ምድጃ፣ ከዚያ የቀረው ለእግር ብቻ ነው። ክረምቱ ሲገባ ግማሾቹ ቆርቆሮው ጫፍ ሥር ተጠግተው በበሩ አንገታቸውን እያሰገጉ ይሰሙ ነበር። ውሃው ከጣራው እየወረደ በሕፃናቱ ነጠላ ላይ ይፈሳል። በዚህ መሐል የመሥሪያ ቤቷ አለቃ ጠርተው፣ በክረምቱ መውጫ ለማስተማሪያ የሚሆን ክፍል ካላገኘች ወደ ሌላ አውራጃ እንደሚመድቧት ነገሯት። ያን ዕለት ወደ ቤት ገብታ እርጥብ ጫማዋን ሳታወልቅ ቆየች።

"ልጆቹ እኮ ገና ናቸው" አለች። "አሁን ነው መብላት የጀመሩት።"

ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ አንድ ክፍል ነበር። ውስጡ ያለፉ ዓመታት ሰልፎች መፈክር ታጭቆበታል፤ እንጨት ላይ የተመታ ቀይ ጨርቅ፣ ጣራው አፍስሶበት ጽሑፉ የተዥጎረጎረ፣ አይጥ የጎበኘው። እህቴ ይህን ክፍል ልትለምን ሊቀመንበሩ ዘንድ ስትሄድ ተከትያት ገባሁ። ሊቀመንበሩ ገና ወጣት ነው፤ ካኪው ሁልጊዜ በካውያ የተተኮሰ፣ ሰው ሲያነጋግር በእርሳስ ጠረጴዛ የሚመታ።

"የቤት ኢኮኖሚክስ ባለሙያ ነኝ" ብላ ጀመረች።

"ኢኮኖሚክስ?" አለ ነቃ ብሎ። "ታዲያ ለምን የውይይት ክበቡ ላይ ስለ ምርት ግንኙነት ገለጻ አታደርጊም?"

"የቤት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"የቤት ውስጥ የምርት ግንኙነት?"

እህቴ እንዴት እንደምታስረዳው ስታስብ እሱ በእርሳሱ ጠረጴዛውን መታው። "አሃ! ባለሙያ ነሽ! እንዲያ አትይም!"

በቋንቋችን ይህ ቃል ሁለት ፊት አለው። ሙያ ተምሮ የሚሠራበት ሰው ባለሙያ ነው፤ እጇ የሚጣፍጥ ሴትም ባለሙያ ናት። እህቴ በአንደኛው በር ስትገባ ሊቀመንበሩ በሁለተኛው ተቀበላት። ለአብዮቱ በዓል ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው እንግዶች ይመጣሉ፣ ሰንጋ ይታረዳል፣ ማብሰሉን የሚመራ ሰው ጠፍቷል። "ወጡን አንቺ ትመሪያለሽ" አለ። "እንግዶቹ ከጣማቸው ስለ ክፍሉ እንነጋገራለን።"

እህቴ አላረመችውም። አልፈረድኩባትም፤ ቃሉን ብታቃናው ክፍሉ መቅረቱ ነው። ደጅ ከወጣን በኋላ ተያየን። እኔ መጀመሪያ ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ እየጎተተ ሄዶ ሌላ ነገር ሆነ።

ቀጥታ ቦኖው ጋ ሄዳ ለእማማ ነገረቻቸው።

"ለዚያ ሁሉ ሰው? በዚያ እጅሽ?"

"በዚህ እጄ።"

"ሕዝብ ልትፈጂ ነው!" አሉና ቧንቧውን ዘጉ። ተሰላፊዎቹ ጮኹ። እማማ አልሰሟቸውም። ቀና ብለው ወደ እህቴ ዞሩ። "ሽንኩርቱን እንዳትነኪ" አሏት። "የቀረውን ለእኛ ተይው።"

በበዓሉ ቀን ጠዋት ሴቶቹ ድስትና ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ከአዳራሹ ጀርባ ሜዳው ላይ እሳት አነደዱ። ክረምቱ ግን ገና አልጨረሰም ነበር፤ ሽንኩርቱ መድረቅ ሲጀምር ዝናቡ ወረደ። እማማ ጥበቃውን በአንድ ጩኸት የጀርባውን ክፍል አስከፍተው፣ "ለጊዜው ነው" ብለው ቁልፉን ከእጁ ወስደው መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት። መፈክሮቹን ወደ አንድ ጥግ ገፉ። ድንጋይ ከውጭ አንከባለው ጉልቻ ጎለቱ። እንጨቱ ግን ርሶ ነበር። ጭሱ ሁሉንም አስለቀሰ፣ እሳቱ አልያዘም። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደዚያ ጥግ፣ ወደ ደረቁ የመፈክር እንጨቶች ይመለከቱ ጀመር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ነገር ማሰብ ብቻውን ላብ ያስወጣል።

"እንጨቱ የአብዮቱ ነው" አሉ እማማ። "የምናበላውም የአብዮቱን እንግዶች ነው። ምን ታፈጥጣላችሁ?"

"ጨርቁን ግን አታቃጥሉ!" አለች እህቴ። "ደህና አቡጀዲ ነው።"

እኔ ያን ቀን የተጠራሁት ግጥም ላነብ ነበር፤ ጉጠት ይዤ ምስማር ስነቅል አረፈድኩ። እህቴ ጨርቁን እየተቀበለች ታጥፋለች። ድስት አላስነኳትም፤ እሷ ግን ሥራ አላጣችም። ሁሉንም በሳሙና አስታጠበች፣ ሥጋውን ዝንብ እንዳያርፍበት አስሸፈነች፣ የመጠጥ ውሃ አፍልታ አቀዘቀዘች፣ የሚንጫጩትን ሕፃናት አንድ ምንጣፍ ላይ ደርድራ ገንፎ አበላች። ወጡ የእነሱ ነበር። የቀረው ሁሉ የእሷ ነበር።

እንግዶቹ በሉ። አንዱ ጣቱን ላሰ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሊቀመንበሩ ፊቱ በርቶ፣ "ባለሙያዋን ጥሯት!" አለ። እህቴ እጇን በቀሚሷ እያበሰች አዳራሹ መሐል ቆመች። ጭብጨባ ሆነ። አመሰግናለሁ ብላ ብትቀመጥ ክፍሉ የእሷ ነበር።

"ወጡን እኔ አልሠራሁትም" አለች። "የሠሩት የሰፈሩ እናቶች ናቸው። ጭብጨባው ለእነሱ ይሁን። እኔ ወጥ አልችልም።"

አንድ እንግዳ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን ሻንጣዋ አውቶቡስ ጣራ ላይ ታስሮ ሲሄድ ታየኝ። ሊቀመንበሩ ጆሮው ቀልቶ ተነሣና ወደ ጀርባው ክፍል ሄደ፤ እሷም፣ እኔም ተከተልነው። በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ክፍሉ ተጠርጓል። ጉልቻው ላይ ድስቱ ይንተከተካል። ምንጣፉ ላይ ሕፃናቱ አፋቸው ገንፎ በገንፎ ሆኖ አፍጥጠው ያዩታል።

"ባለሙያ ናት አላላችሁኝም?"

"እኛ አላልንም" አሉ እማማ ድስቱን እያማሰሉ። "ራስህ ነህ ያልከው።"

ዓይኑ ጥግ ጥጉን ዞረ። "እዚህ የነበረውስ?"

"የቱ?"

"መፈክሩ!"

"እንግዶችህ በሉት" አሉት። ከዚያ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፣ "ቀስ በል፣ ልጄ። ይሰሙሃል" አሉት።

ሊቀመንበሩ ወደ አዳራሹ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ እሳቱን አየ። አንድ እንጨት ጫፍ ላይ ገና ያልተቃጠለ ቀይ የጨርቅ ቁራጭ ነበር፤ እማማ በእግራቸው ገፋ አድርገው ወደ ውስጥ አስገቡት።

"ጉልቻውን ማን ጎለተው?" አለ በቀስታ።

"እኛ" አሉ እማማ። "ጎጆ አወጣናት።"

ሴቶቹ ሳቅ አፈናቸው። እህቴ አልሳቀችም። ጉልቻውን ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። ሊቀመንበሩ ከሕፃናቱ አንዱን፣ ያንን የእማማን የልጅ ልጅ፣ አየው። ልጁ ማንኪያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንዳይወስድበት ይመስላል፣ ጮኸበት።

"ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

"እኔ ጋ" አሉ እማማ መቀነታቸውን መታ አድርገው።

ሊቀመንበሩ ካኪውን አስተካከለ። "እዚያው ይቆይ" ብሎ ወደ እንግዶቹ ተመለሰ። ግጥሜን ማንም ሳያስታውሰው ቀረ። ግጥሙም ቢሆን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

እህቴ አልተዛወረችም። ጨርቁን አጥባ፣ ቆራርጣ፣ ሕፃናቱ ሲበሉ አንገታቸው ላይ የሚታሰር አደረገችው። ቀለሙ ታጥቦ አልለቀቀም፤ ያቺ የፋብሪካዋ ጓደኛዋ ብታየው ደስ ይላት ነበር። አንዱ ሕፃን "እናቸን" የሚለውን ያንጠለጥላል፣ ሌላው "ፋለን" የሚለውን። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ቃሉ ይገጥማል፤ ግን ብዙውን ጊዜ ተራርቀው ነው የሚቀመጡት፣ ላዩ ላይ ደግሞ ገንፎ አለ። ከሥራ ስመለስ በዚያ በኩል እያለፍኩ ቆም ብዬ አነባቸዋለሁ። እኔ የምጽፈው መስመር እንዲህ ደስ ብሎት የተቀመጠበት ቀን የለም።

እማማ በዚያው ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥ ሊያስተምሯት ሞክረዋል። አልሆነም። አሁንም ሽሮዋን እየበላሁ እጽፋለሁ።

ፎቶግራፉን ከቤታችን አውርደው እዚያ የሰቀሉት እማማ ናቸው። አዲስ እናት ልጇን አዝላ ስትመጣ እህቴን ሳይጠሩ መጀመሪያ ፎቶግራፉ ሥር ያቆሟታል። የሆስፒታሏን፣ የፋብሪካዋን፣ የመጠለያዋን ያልፋሉ፤ ስማቸውንም አያውቁም። ጣታቸው አንድ ፊት ላይ ያርፋል፣ ከዚያም አይነቃነቅም።

"ይቺ ናት የኛ" ይላሉ በዚያ ድምፃቸው። "ወጥ አትችልም።"