የጭስ የመሰለን ቅላት

በእኛ ቀበሌ ዓይኑ ያልቀላ ሰው እንግዳ ነው። ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክለን፣ ቆርጠን፣ በአፈር አዳፍነን ከሰል እናከስላለን፤ አዲስ ቅዳም ዙሪያ ጭስ የማይወጣበት ማሳ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የነበረች ልጄ ዓይኖቿ ደም ሲመስሉ ማንም አልደነገጠም። ጭስ ነው ተባለ።

ቆይቶ ግን ብርሃን ማየት አቃታት። በጠራራ ፀሐይ ነጠላ ተከናንባ ከጓዳ አልወጣም አለች። ጎረቤታችን ያሉ አሮጊት ወረንጦ ከአንገታቸው አይለይም። ትራኮማ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ያጠፈበት ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። የልጄን የዓይን ቆብ ገልብጠው ብዙ አዩ።

«የሚወጋ ፀጉር እንኳ አላየሁም ልጄ» አሉኝ። «እንዲያው ለማንኛውም ልንቀለው።»

ያልበደለውን ሁሉ ነቀሉት። ልጄ እጄን ጨብጣ ቻለችው። እኔ ግን አልቻልኩም፤ ወጥቼ አጥሩን በእርግጫ መታሁት።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርነው የለም። ጠበል አስጠመቅናት፤ ከዳንግላ ጠብታ፣ ከእንጅባራ ቅባት ገዛን። እሷ ግን ከሳች። ምግብ ሲቀርብ ፊቷን ታዞራለች፤ ውኃውን ግን ጣሳ በጣሳ ትጨልጠዋለች። አንዱ መጥቶ ቡዳ ነው ይላል፣ ሌላው ወባ። በሰው ልጅ ላይ አዋቂ የማይሆን የለም። እኔ ደግሞ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ፤ ልጄ ዓይኔ እያየ ልትታወር ነው እያልኩ ከከሰሉ ጉድጓድ አጠገብ ብቻዬን አለቀስኩ።

በመጨረሻ እንጅባራ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ናት። የልጄን አገጭ መሣሪያው ላይ አሳርፋ በቀጭን ብርሃን ዓይኗን ስታይ ቆየች። ከዚያ ከዓይን ጋር ምን እንዳገናኘው ያልገባኝን ነገር ጠየቀች።

«ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣብሻል?»

ልጄ ወደ እኔ አየች። አባት ፊት የሚወራ አይደለምና ወደ ግድግዳው ዞርኩላት።

«አዎ» አለች ቀስ ብላ። «ሌሊትም ያስነሳኛል።»

ሐኪሟ ደምና ሽንቷን አስመረመረች። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

«አባት፣ ጭስም ትራኮማም አይደለም። የዓይኗ የውስጠኛው ክፍል ተቆጥቷል፤ ኩላሊቷም እንደዚሁ። አንዳንዴ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ።»

ከድጡ ወደ ማጡ። ዓይን ላሳክም መጥቼ ኩላሊት ጨመሩልኝ። ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

«ዓይኗስ ይተርፋል?» አልኳት።

«ለኩላሊቷ ባሕር ዳር እልካችኋለሁ፤ የዓይኗን መድኃኒት ግን ዛሬውኑ እንጀምራለን። መጀመሪያ ምን ያህል እንደምታይ ልወቅ።»

የልጄን ቀኝ ዓይን በካርቶን ሸፍና ጣቶቿን አሳየቻት። «ሁለት» አለች ልጄ። ልክ ነበር። «ሦስት።» ይኸም ልክ ነበር። ትንፋሼ መለስ አለልኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ማለቴም ተሰምቶ መሆን አለበት፣ ልጄ ፈገግ አለች።

ሐኪሟ ካርቶኑን ወደ ግራ ዓይኗ አዞረች።

«አሁንስ ስንት ነው?»

ልጄ ጥቂት አሰበች። ከዚያ እኔን በምታጽናናበት ድምፅ «አራት» አለች።

ሐኪሟ ግን አንድም ጣት አላነሳችም፤ እጇ የራሷ ጭን ላይ ነበር።