በግምት የመጣ ፊት

አክስቴ ከጉና ተራራ ሥር ወርደው ቢሮዬ ሲደርሱ በመቀነታቸው ጫፍ አንዲት ሚሞሪ ካርድ ቋጥረው ነበር። ብቸኛ ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ በወባ ሞቷል። እዚያው ተቀብሮ መርዶው የደረሰን በኋላ ነው። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ መሃል የሚያዘው የሟች ፎቶ ነው፤ ልጁ ደግሞ የነበረው ፎቶ አንድ ብቻ ነው። እሱም መናኸሪያ ላይ ሚኒባስ ሲሳፈር ጓደኛው በስልክ ያነሳው ሲሆን፣ ልጁ ድንገት ዞር በማለቱ ፊቱ ውሃ እንደነካው ቀለም ተዝረክርኳል።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ለአክስቴ ይህ ማለት ኮምፒውተር የሚታዘዝለት ሰው ማለት ነው። ለቅሶው እሑድ ስለሆነ እስከዚያ ፊቱን እንዳጠራላቸው ለመኑኝ። እምቢ የምልበት አፍ ከየት ላምጣ?

ፎቶ ሲደበዝዝ የአንዷ ነጥብ ብርሃን ከጎረቤቶቿ ጋር ይቀላቀላል። ሰውየው እንዴት እንደተንቀሳቀሰ ትገምትና የተቀላቀለውን ወደየቦታው ለመመለስ ትሞክራለህ። ጣጣው ያንኑ ብዥታ ሊሰጡ የሚችሉ ፊቶች ብዙ መሆናቸው ነው። መጀመሪያ ፎቶውን ብቻ ይዤ ሞከርኩ፤ ፊቱ በጭረት ተሞላ። ቀጥዬ ብዙ ፊት አይቶ የተማረ ፕሮግራም ጨመርኩበት። እሱ የሚመርጠው ይበልጥ ሊሆን የሚችለውን፣ ማለትም ብዙ ሰው የሚጋራውን ዓይነት ፊት ነው። አንድ ጥርት ያለ ወጣት ብቅ አለ። የአክስቴ ልጅ አብሮ አደጌ ነው፣ መልኩን አላጣውም፤ ይህኛው እሱ አልነበረም። የፕሮግራሙን ቁጥሮች እየቀያየርኩ ደጋገምኩት። ወይ ጭረት ይመጣል፣ ወይ ባዕድ ሰው። ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው ወይ ብዬ ተናደድኩ፤ ንዴቴን የማራግፍበት ሰው እንኳ አልነበረም።

ቅዳሜ አክስቴ ሲመጡ ጭረት የሞላበትንም የጠራውንም አሳየኋቸው። የጠራው ግምት መሆኑን፣ ኮምፒውተሩ ልጃቸውን እንደማያውቀው አስረዳሁ። ይቆጡኛል፣ የማን ልጅ ነው ይሉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ከጠራው ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«አክስቴ፣ ይሄ እሱ አይደለም» አልኳቸው። «የቅንድቡ ጠባሳ እንኳ የለም።»

ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ፣ ቅንድቡ ጋ አሳረፉ።

«እንጃ ልጄ፤ እንዲህም ሳይሆን አይቀርም። ይኸው ማሽኑ አወጣው። እኔው ረስቼው ይሆናል።»

ጠባሳው እንደነበረ ምዬ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን የጠራውን አሳትምልኝ አሉ፤ አሳተምኩላቸው። እሑድ ዕለት ያንን የማላውቀውን ሰው ከፍ አድርገው ይዘው «ልጄ፣ ልጄ» እያሉ ሲያለቅሱ፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ክንዳቸውን ደግፌ ነበር።