ሐሙስ ከሰዓት፣ ሪኤጀንት ክፍል

እትዬ አጉሊን የማያውቅ የሆስፒታሉ ሠራተኛ አልነበረም። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፕ ስላልነቀሉ። ሁለተኛው፣ ከተቆጡ ቁንጫ የምታክል ነገር ዝሆን ስለሚያሳክሉ። ስሙን ያውቁታል፤ ሲጠሩበትም ሳቅ እያሉ «አቤት» ይላሉ።

እኔ ተመርቄ እዚያ ላቦራቶሪ ስቀጠር ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዚያው ዓመት አዲስ መመሪያ መጣ፤ ማንኛውም የላቦራቶሪ ባለሙያ በየዓመቱ የተወሰነ ሰዓት ካልሰለጠነ የሙያ ፈቃዱ አይታደስም። ኃላፊያችን ወረቀቱን አንብቦ ሳይጨርስ እትዬ አጉሊ ጓንታቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«ሃያ ስድስት ዓመት ያየሁት ደም አይቆጠርም ማለት ነው?»

«ይቆጠራል እትዬ፣ ግን...»

«ግን ምን? ከነዚህ ልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ሀ ሁ ልበል?»

ሩቅ ሄደን እንዳንሰለጥን የሚተካን ሰው አልነበረም። በማግስቱ ኃላፊው ሌላ መላ ይዞ መጣ፤ «እርስ በርሳችን እንማማር፣ ሰዓቱ እንዲቆጠርልን ማስጸደቁን ለኔ ተዉት» አለ። ቦታው የሪኤጀንት፣ ማለትም የመመርመሪያ ኬሚካል፣ ማስቀመጫው ክፍል፣ ጊዜው ሐሙስ ስምንት ሰዓት፣ የጠዋቱ ናሙና ጋብ ሲል። ማን ይጀምር ሲባል ሁሉም ወደኔ ዞረ። አዲስ ሰው መሆን ጣጣው ብዙ ነው።

የዚያች ክፍል ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ፤ አልኮልና እርጥብ ካርቶን። ወንበር ስላልነበረ ሁሉም ካርቶኖቹ ላይ ተደረደሩ። ሰሌዳችን የፍሪጁ በር ነበር። ወረቀቴን በፕላስተር ለጠፍኩበት፤ ፍሪጁ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ወረቀቱም እንደኔው ይንቀጠቀጣል።

የመረጥኩት ርእስ ስለ ፕሌትሌት ነበር፤ ስንቆስል ደማችን እንዲረጋ የሚያደርጉት ጥቃቅን ነገሮች። የአንዳንድ ሰው ደም ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ሲቀዳ፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ኬሚካል ፕሌትሌቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። የደም መቁጠሪያ ማሽኑ የተጣበቁትን አይቆጥራቸውም፤ ጤነኛውን ሰው ፕሌትሌት የለህም ይለዋል። ይህን የጻፍኩበትን ሦስት ገጽ በአራት ደቂቃ አንብቤ ጨረስኩት።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ እትዬ አጉሊ ከኋላ፣ «የሚያባርርሽ አለ እንዴ? እስቲ ከመጀመሪያው ድገሚልኝ።»

ደገምኩት። እሳቸው በአሮጌ መዝገብ ጀርባ ላይ ጻፉ። ሌላ ኬሚካል በያዘው፣ ሰማያዊ ክዳን ባለው ቱቦ እንደገና መቅዳት ነው መፍትሔው ስል ከሥሩ ሲያሰምሩበት አየሁ። ስንወጣ ግን «በሃያ ስድስት ዓመት አንድም አላጋጠመኝ፤ የወረቀት በሽታ ነው» ብለውኝ አለፉ። አንገቴን ደፋሁ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቀዶ ሕክምና የምትጠብቅ የአንዲት እናት ደም መጣ። ማሽኑ የፕሌትሌት ቁጥሯን አሥራ አራት ሺህ አለው። ቢያንስ መቶ ሃምሳ ሺህ መሆን ነበረበት። በስልክ ስነግረው ዶክተሩ ደነገጠ፤ ቀዶ ሕክምናው ይሰረዝ፣ የሚሰጣት ፕሌትሌት ይፈለግ አለ። እኔም ውጤቱን መዝገብ ላይ ላሰፍር ብዕር አነሳሁ። አስተማሪዋ እኔ የራሴን ትምህርት ረስቼዋለሁ!

እትዬ አጉሊ እጄን ያዙኝ። «ቆይ እስቲ።»

ከቱቦው አንድ ጠብታ የመስታወት ስላይድ ላይ ቀቡ፣ አደረቁ፣ ቀለም ነከሩና ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ። ከዚያ ወንበራቸውን ለቀውልኝ «ጫፉን እዪው» አሉኝ። የተቀባው ደም ጫፍ ላይ ፕሌትሌቶቹ እንደ ወይን ዘለላ ተጣብቀው ተከምረዋል።

ሰማያዊ ክዳን ያለው ቱቦ ይዘው ራሳቸው ወደ ሴትየዋ አልጋ ሄዱ። አዲሱ ናሙና ሁለት መቶ ሺህ ገደማ ሆነ። ሴትየዋ በቀጠሮዋ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች። ዶክተሩ ሊያመሰግናቸው ላቦራቶሪ ድረስ ሲመጣ «እኔን ይተዉኝ ዶክተር፣» አሉት፣ «ያስተማረችኝ ያቺ ናት።» ጓንት የምፈልግ መስዬ መሳቢያው ላይ አቀረቀርኩ። እንባዬ መጥቶ ነበር።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሁላችንንም ቀድመው ሪኤጀንት ክፍል ተቀምጠው አገኘናቸው። «ዛሬ ተናጋሪዋ እኔ ነኝ» አሉ። ጭናቸው ላይ የእንጨት ሳጥን ነበር፤ ውስጡ አንድ በአንድ በስስ ወረቀት የተጠቀለሉ ስላይዶች። በሥራ ዘመናቸው የተሳሳቱባቸውን ብቻ ነበር ያስቀመጧቸው።

«ይቺን ወባ ብዬ ጻፍኳት፤ የቀለም ዝቃጭ ሆና ተገኘች። ይቺን ደግሞ ዝቃጭ ናት ብዬ አለፍኳት...» ስላይዷን መልሰው ጠቀለሏት። «ወባ ነበረች። የአምስት ዓመት ልጅ ደም ነበር፤ በኔ የተነሳ ሕክምናው ሦስት ቀን ዘገየ። ተርፏል። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።»

ከዚያ ቀን በኋላ በዚያች ክፍል ውስጥ «አላውቅም» ለማለት ያፈረ ሰው አላየሁም።

እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ቀጠልን። ዛሬ ክፍሏ የትልልቅ ማቀዝቀዣዎች ቦታ ሆናለች። ስልጠናው በኮምፒውተር ነው፤ የላቦራቶሪው ኃላፊ አሁን እኔ ስለሆንኩ ሁሉንም ለስልጠናው መመዝገቡም የኔ ሥራ ነው። ትምህርቱ እውነትም ከኛው የተሻለ ነው፤ ሥዕሉ ጥርት ያለ፣ አስተማሪዎቹም የተማሩ። ጥያቄዎቹን እመልሳለሁ፣ ቁልፉን እጫናለሁ፣ ምስክር ወረቀቱ ይመጣል። ያኔ ግን ተምረን ስንወጣ እየተከራከርን ነበር የምንወጣው፤ ሙግቱ እስከ ሻይ ቤቱ ይዘልቅ ነበር። አሁን ኮምፒውተሩን ዘግቼ ብቻዬን እነሳለሁ።

አምና የሙያ ፈቃዴን ላሳድስ ሄጄ ተሰልፌ ሳለሁ፣ ፊት ለፊቴ ምርኩዝ የያዙ ሴት አየሁ።

«እትዬ! ጡረታ ወጥተው የለም እንዴ?»

ዞረው በድምፄ ለዩኝና አቀፉኝ። «ወጥቻለሁ። ፈቃዴን ላሳድስ ነው የመጣሁት። ስልጠናውን በእህቴ ልጅ ስልክ ተከታትዬ ጨረስኩት።»

«ሊሠሩ ነው?»

«በየትኛው ዓይኔ! ባለሙያ ነበረች እንዲሉኝ አልፈልግም። ናት ይበሉ።»

ከዚያ ክንዴን ይዘው ወደ አግዳሚው ወንበር ሳቡኝ። «ነይ ቁጭ በይና ንገሪኝ፤ ምን አዲስ ነገር መጣ?» አዲስ ስለገባልን ማሽን ጀመርኩላቸው። በመካከሉ አቋረጡኝ፣ ተከራከሩኝ፣ አንዴም ተቆጡኝ። ተራችን ሲጠራ አልሰማንም።