የሐልዋ ቤቱ ግመል የማን ናት?

ዛሬ ድሬ ውስጥ ግማሽ ግመል የተሳለችበት ባጃጅ ካያችሁ፣ ታሪኩ እኔ ጋ ነው።

ሠዓሊው ጎረቤቴ ዳኒ ባጃጁ ጀርባ ላይ ግመል ሲስል የሰፈራችን ሐልዋ (ጣፋጭ) ቤት ባለቤት አብዲ ደረሰ።

«አቦ ዳኒ፣ ይቺ እኮ የሱቄ ግመል ናት። በንግድ ምልክትነት አስመዝግቤያታለሁ።»

«የሱቅህንም የሳልኳት እኔ ነኝ። ታፔላ ሠራሁልህ እንጂ ሥዕሉን አልሸጥኩልህም።»

«እሺ፣ እዚህ ላይ ሌላ ግመል ሳልበት።»

ዳኒ አጥፍቶ እንደገና ጀመረ። አንገቷ ላይ ሲደርስ ሁላችንም ሳቅን፤ ያቺው ግመል ናት።

«እጄ ሌላ ግመል አያውቅም» አለ።

ሲጠብቅ የቆየው ባለባጃጅ ሥራ ቀረብኝ ብሎ ግማሽ ግመሏን ይዞ ሄደ። (እኔ ፍየል ይሁን ብዬ ነበር፣ የሰማኝ የለም።)

አንዲት ሥዕል በቅጂ መብት የሠዓሊው፣ በንግድ ምልክት የነጋዴው ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። ግን ሰው ለገዛ እጁ ማንን ያስፈቅዳል?

እናንተ ሰፈርስ የራሱን ሥራ እንዳይደግም የተከለከለ ሰው አለ?