የአማቴ እጅና የሞተሩ ባትሪ

አመሻሽ ላይ በረንዳዬ ተቀምጬ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ላይ የሚወጣውን መንገድ አያለሁ። ታክሲው፣ አውቶቡሱ፣ የጭነት መኪናው መብራቱን አብርቶ ይግተለተላል። የልጅ ልጆቼ ምን እንደማይ ይጠይቁኛል፤ መብራት እላቸዋለሁ፤ ይስቁብኛል። አይፈረድባቸውም። በዚያ ዳገት ላይ ሲመሽ አንድ መብራት ብቻ ይታይ የነበረበትን ጊዜ፣ ያም መብራት የኔ ባል የነበረበትን ጊዜ እነሱ ከየት ያውቁታል?

በጣሊያን ጊዜ ኮልፌ ጫካ ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁም። ቤቶቻችን ተራርቀው፣ በመካከላቸው ባሕር ዛፍና ቁጥቋጦ ሞልቶ፣ ጎረቤት መጥራት የፈለገ ሰው ከደጅ ወጥቶ ይጣራ ነበር። ቢሆንም የተጠራው ሰው ይመጣ ነበር። ዛሬ በአንድ ግድግዳ ተጣብቀን እየኖርን ደወል ካልተደወለ በር አይከፈትም። ያን ጊዜ ደግ ነበር ለማለት አይደለም፤ ክፉ ጊዜ ነበር። የሚናፍቀኝ ጊዜው ሳይሆን በጊዜው ውስጥ የነበሩት ሰዎች ናቸው።

ባሌ ከሰፈራችን በላይ ግንድ መሰንጠቂያ ላቋቋመ አንድ ጣሊያን ተቀጥሮ ባለሦስት እግር ሞተር ሳይክል ይነዳ ነበር። ከፊት እንደማንኛውም ሞተር ሆኖ ከኋላ ሁለት ጎማና ትልቅ የዕቃ ሳጥን አለው። ጠዋት የደነዘዘ የመጋዝ ስለት ከተማ ወስዶ ያስሞርዳል፣ ሚስማርና ቅባት ጭኖ ሲመሽ ይመለሳል። ለጣሊያን መሥራቱን በክፉ ዓይን የሚያዩት ነበሩ። እኔም ደስ ብሎኝ አያውቅም። ግን የምንበላው ከዚያ ነበርና አፌን ሞልቼ የምናገረው የለኝም።

ቤቱ ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እሱ፣ እኔና እናቱ። እኔ ገና ሙሽራነቴ ያልወጣልኝ፣ በአማቴ ፊት ባሌን ቀና ብዬ የማላናግር ነበርኩ። እሳቸውን እሜቴ እላቸዋለሁ። አዋላጅ ነበሩ። ከኛ አልፎ እስከ ወንዙ ማዶ ድረስ ያለ ሕፃን ሁሉ በእጃቸው አልፏል ቢባል ማጋነን አይሆንም። እጃቸው ጠባብ፣ ጣቶቻቸው ረዣዥም ነበሩ። ሞተሩን ግን አይወዱትም፤ «በቅሎይቱ» ነበር የሚሉት፤ ባሌን ለማናደድ ሲፈልጉ ደግሞ ድርቆሽ አቀረብክላት ወይ ብለው ይጠይቁታል።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሞተሩ መብራት ይደክም ጀመር። መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ እንደ ፍም ቀላ፣ በመጨረሻ ጭራሹን ጠፋ። ባሌ ባትሪው እንደሞተ ወዲያው አወቀ። ሞተሩ ያለ መብራት መሄዱን ይሄዳል፤ ጣጣው መንገዱ ላይ ነበር። ከከተማ ሲመጣ ድልድዩ አጠገብ ኬላ አለ። ከመሸ በኋላ መብራት ሳይዝ የመጣ ነገር ሁሉ ይተኮስበታል ተብሏል። ይህ ማስፈራሪያ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ አንድ ጋሪ ነጂ ፋኖሱ ጠፍቶበት ሲመጣ እዚያው ቀርቷል። ባሌ አሠሪውን ቀደም ብዬ ልመለስ ቢለው ሥራው አይፈቅድም አለው።

ጥቂት ቀን በፋኖስ ተመላለሰ። ፋኖሱን ከመሪው ላይ በመቀነቴ አስሬ የምሸኘው እኔ ነበርኩ፤ ማታ ሲመጣ ግን ነፋስ አጥፍቶት፣ መቀነቴ ላምባ ላምባ እየሸተተ ነው የሚመለስልኝ። ቅዳሜ ማታ የኬላው ዘበኛ አስቆመው። ዛሬ የተውኩህ ስለማውቅህ ነው፣ ሰኞ ማታ ተረኛው ሌላ ሰው ነው፣ እሱ አያውቅህም አለው። ባሌ ይህን በሹክሹክታ ነበር የነገረኝ፣ እናቱ እንዳይሰሙ። እሳቸው ጓዳ ሆነው ሁሉንም ሰምተውታል። ራታችንን ማናችንም በቅጡ ሳንበላ ተነሣን።

አሠሪው አዲስ ባትሪ ሰጥቶት ነበር። መካኒኮቹ ግን ሁሉም ለጦሩ መኪና ተይዘዋልና ራስህ ግጠመው አለው። እሁድ ጠዋት ሞተሩን ግቢያችን ውስጥ አቁሞ ጀመረ። ባትሪው የተቀመጠው ከመቀመጫው ኋላ፣ ከዕቃ ሳጥኑ ሥር ነው። አሠሪው ሳጥኑ ከባድ ጭነት እንዲችል ዙሪያውን ብረት አስበይዶበት ስለነበር የባትሪው ቤት ከላይም ከጎንም ተዘግቷል። ባትሪው ሊወጣ የሚችለው ወደ ታች ብቻ ነው። ወደ ታች እንዲወርድ ደግሞ ያሠረውን የብረት ቀበቶ መፍታት ያስፈልጋል፤ ቀበቶውን የሚያጠብቀው ዳዶ፣ በመፍቻ የሚዞረው ብረት፣ ያለው ከውስጥ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚያስገባው በሁለት ብረቶች መካከል ያለ አንድ ጠባብ ክፍተት ነው። በክፍተቱ ዓይን ቢያስጠጉ ጨለማ እንጂ ሌላ አይታይም።

የባሌ እጅ ግንድ ሲያነሣ የወፈረ እጅ ነው፤ ከአንጓው አላልፍ አለ። ቆዳውን ልጦ አወጣው። በያጁን ረገመ፣ አሠሪውን ረገመ፣ ሞተሩ የተሠራበትን አገር ረገመ። ከዚያ የኔ እጅ ይሞከር ተባለ። እጄስ ገባ፤ ግን ዓይኔ ካላየ እጄ አይሠራም። ውስጡ የነካሁት ሁሉ አንድ ዓይነት ብረት ነው። እሱ ከሥር በጀርባው ተጋድሞ ግራ በይ፣ ቀኝ በይ ይለኛል፤ የሱ ግራ ለኔ ቀኝ ነው። መፍቻው ከእጄ ደጋግሞ ሲወድቅ ተቆጣኝ፣ እኔም መለስኩለት። ሁለታችንም ስለ ሰኞ ማታ እያሰብን የተጣላነው በመፍቻ ነበር።

አማቴ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት በዚህ መሐል ነው። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቆመው አዩን። ዱካ አምጥተው ሞተሩ አጠገብ ተቀመጡና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ውሃ አምጪልኝ ልጄ። ቅቤም አትርሺ» አሉኝ።

ባሌ ከሥር አንገቱን አወጣ። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ምጥ አይደለም።»

«አልወጣም ብሎ የለም እንዴ? ታዲያ በምን ተለየ?»

ሰንበት መሆኑንም አነሣባቸው። ስንቴ ከቅዳሴ መሐል ተጠርቼ ሄጃለሁ፣ ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣ ብለው ዝም አሰኙት። ከዚያ አዲሱን ባትሪ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ዳበሱት። ሽቦ የሚታሰርባቸውን ሁለት ጉጦች፣ ቀበቶው የሚያልፍበትን ጠርዝ እየነኩ ስማቸውን ሳይሆን ቦታቸውን ጠየቁት። ዳዶው ወደየት ሲዞር እንደሚላላ መፍቻውን አስይዞ አሳያቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቁት።

እጃቸውን ቅቤ ቀብተው አስገቡ። ባሌ ቅቤው መፍቻውን ያንሸራትታል ብሎ ቢጮህ መዳፋቸውን ጠረጉለት፤ የእጃቸውን ጀርባ ግን አልጠረጉም። ነጠላቸውን አውርደው ክፍተቱን ከነእጃቸው ሸፈኑት። ከሥራ ልማዳቸው አንዱ ይህ ነበር፤ የሚሠሩትን ነገር አያዩም፤ ዓይን እጅን ያሳስታል ይላሉ። ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ና የኔ ጌታ፣ ቀስ እያልክ ና» እያሉ ያባብሉት ጀመር። ለባትሪው ነው። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስኩ።

መጀመሪያ የአንደኛውን ሽቦ ጫፍ ፈትተው በክፍተቱ አወጡልኝና ክር እሰሪበት አሉኝ። እንደ እትብት አሰርኩት። ቀይ ክር ላምጣ ወይ ብላቸው፣ ዓይን በሌለበት ቀለም ምን ይሠራል፣ ቋጠሮውን ብቻ አጥብቂው አሉኝ። ሁለተኛውን ያለ ክር ተዉት። ቀጥሎ ዳዶው ጋ ደረሱ። መፍቻው ሲንቋቋ ይሰማኛል። ትንሽ ቆይቶ ፊታቸው በራ።

«ውሃው ፈሰሰ። ደረሰ» አሉ።

በእሳቸው ሙያ ትክክል ነው፤ እንሽርት ውሃ ሲፈስ መዳረሻው ነው፣ ደስ ይላል። አሮጌው ባትሪ ግን ጎኑ ተሰንጥቆ ኖሯል፤ እጃቸው ላይ የፈሰሰው አሲድ ነበር። ባሌ ጠብታው አጠገቡ መሬቱን ሲያፈላው አየና እናቱ እጃቸውን እንዲያወጡ ለመናቸው፤ ቆዳ ይበላል፣ አጥንት ድረስ ይበላል አላቸው። እሳቸው ሰሙት። ያን ጊዜ ገብቷቸዋል፤ ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። ግን ዳዶው ወልቋል፤ ባትሪውን የያዘው የእሳቸው እጅ ብቻ ነበር። እጃቸውን ቢያወጡ ያ ስንጥቅ ነገር የሚያርፈው ከሥር በተጋደመው በልጃቸው ፊት ላይ ነው።

«መጀመሪያ አንተ ውጣ» አሉት። ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ሲያባብሉበት የነበረው ድምፅ ራሱ ነው።

ተንከባሎ ወጣ፣ ጆንያ አጣጥፎ ከሥር ዘረጋ፣ ከጎን ሆኖ በሁለት እጁ ተቀበለ። ያን ጊዜ ነው እጃቸውን ያወጡት። ጀርባው ቅቤው አትርፎት ብዙም አልተጎዳም፤ መዳፉና ጣቶቹ ግን እንደ በርበሬ ቀልተዋል። አንድ እንስራ ውሃ አፈሰስኩባቸው። እኔ እያለቀስኩ፣ እሳቸው ውሃ አታባክኚ እያሉኝ። አዲሱ ባትሪ ከሥር ሲገፋ ያቺኑ ቀኝ እጃቸውን መልሰው አስገቡ። ግራውን ያስገቡ ብዬ ብለምናቸው የጀመረችው ትጨርስ አሉኝ። ቋጠሮ ያለበትን ሽቦ በቦታው፣ የሌለበትን በቦታው አሰሩ፤ ዳዶውንም አጠበቁት።

ቀን ስለነበር መብራቱን ያየነው ባሌ ጋቢውን አልብሶት ነው። በጋቢው ሥር ሦስታችን ጭንቅላታችንን አጋጥመን አጎነበስን። በራ። አማቴ ቀና አሉና ወንድ ሲወለድ የሚባለውን ያህል እልል አሉ።

ጎረቤት ምን ያድርግ? ከአዋላጅ ቤት እልልታ ሰምቷል። አንዷ የገንፎ ዱቄት፣ አንዷ ቅቤ ይዘው እየሮጡ መጡ፤ መንገደኛ ሴት ምጥ ይዟት ገብታ የወለደች መስሏቸዋል። ማን ናት፣ የት ተኛች ብለው ሲጠይቁኝ ሞተሩን አሳየኋቸው። አንዷ ተቀየመች፤ ለጣሊያን ብረት ነው እልል የምትሉት አለች። አማቴ በብረቱ ተቀምጦ ለሚመጣው ነው አሏት። ሴትዮዋ የቀላውን እጅ አየችና ማር ልታመጣ ወደ ቤቷ ሄደች። ገንፎውንም አገነፋነውና በላነው፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ ገንፎ አላስታውስም። ልጆቼ ሁሉ በኋላ የተወለዱት በዚያች እጅ ነው፤ ጠባሳው እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቀም።

ሰኞ ግን ገና ነበር። ሊመሽ ሲል ከአጥሩ ውጭ ወጥቼ ቆምኩ። አማቴም በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ዛፎቹ ጠቆሩ፣ መንገዱ ጠፋ። ፈርቼ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። በኋላ ከታች፣ ከድልድዩ ወዲያ፣ መብራቱ ታየ። እያደገ መጣና ኬላው ጋ ሲደርስ ቆመ። ቆመ፣ አልንቀሳቀስም አለ። አማቴ በደኅናዋ እጃቸው ክንዴን ያዙኝ። አጥብቀው ስለያዙኝ አመመኝ። ከዚያ መብራቱ ተንቀሳቀሰ፤ ዳገቱን እየወጣ መጣ።

ግቢ ገብቶ ሞተሩን አጠፋ። መብራቱ ግን እኛ ላይ እንዳረፈ ነበር። ዘበኛው ወረቀቴን ገለባብጦ አየና እለፍ አለኝ አለ። ሊያጠፋው እጁን ሲሰድ እናቱ ተወው አሉት። ፊቱን ማየት ፈልገዋል።

«ሞተሩ ቆሞ ከበራ ባትሪው ያልቃል እማዬ።»

«ይለቅ» አሉ አማቴ። «ገና ግራ እጅ አለኝ።»