አቦ የተንበረከኩበት ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት የልጅነት ጓደኛዬ ጫልቱ በቴሌግራም የአንድ ድንጋይ ፎቶ ላከችልኝ። ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፤ ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ደህና ነሽ ልጄ?» አሉኝ። ደህና ነበርኩ፤ እንዲያውም በጣም።

ልጅ እያለሁ ቡራዩ፣ ከገፈርሳ ግድብ ወዲህ፣ የጫልቱ አያት ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖር ነበር። ድንጋዩ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነበር፤ ሰፊ፣ ጥቁር፣ ላዩ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ጎድጓዳ ቦታ ያለው። ጎንደሬዋ እናቴ፣ አቦ ወደ ዝቋላ ሲያልፉ እዚህ ተንበርክከው ጸልየዋል፣ ጎድጓዳዎቹ የጉልበታቸው ምልክት ናቸው የሚል ወሬ ከጎረቤት ሰማች። በቃ፣ አመነች። ወር በገባ በአምስት ጠዋት፣ ድንጋዩ ላይ ከተጠራቀመው የዝናብ ውሃ ግንባሬን ትቀባኝ ነበር። ውሃው የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። እኔም ጻድቁ ከነአንበሶቻቸው እኛ ግቢ ማረፋቸውን ለክፍሉ ልጅ ሁሉ አውርቻለሁ።

ነገሩ የከረረው የእናቴ ማኅበርተኞች ድንጋዩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይግባ ያሉ ጊዜ ነው። ለእሑድ ጋሪና ጎረምሶች ተዘጋጁ። ሁላችንም አኮ የምንላቸው የጫልቱ አያት አንድ ቃል አልተነፈሱም። ጫልቱ ግን ዓይኗ አብጦ መጣች።

«የአኮ እናት ወፍጮ ነው» አለችኝ። «ለምን አትናገሪም ስላት፣ በእርጅናዬ ከአቦ ጋር ልጣላ? አለችኝ።»

ተናደድኩ። አንበሳ የሚከተላቸውን ጻድቅ በወፍጮ ልትለውጥብኝ! «እስቲ መጁን አምጪው» አልኳት። ወፍጮ ከሆነ በእጅ የሚገፋው ድንጋይ የት ሄደ?

ቅዳሜ ከሰዓቱን ግቢውን ስናገላብጥ ዋልን። በመጨረሻ የዶሮ ቤቱን በር ደግፎ የኖረውን ድንጋይ ስንገለብጠው ሆዱ ለስልሶ አገኘነው። ተሸክመን ወስደን ጎድጓዳው ላይ ስናስቀምጠው፣ እግር የለመደው ጫማ ውስጥ እንደሚገባ ገባ። ጫልቱ እፍኝ ገብስ በተነች፤ ገፋን። ነጭ ዱቄት ወጣ። ተሸንፌ እንኳ እየጮህኩ ዘለልኩ። አኮ ጩኸታችንን ሰምተው መጡና መጁን ሲያዩ ቁጭ አሉ።

«ኢጆሌ ኮ» አሉ፤ ልጆቼ ማለታቸው ነው። «እናቴና ጎረቤቷ ጎን ለጎን ነበር የሚፈጩት። ወሬ እንዳያመልጣቸው።»

እሑድ ጎረምሶቹ ሲመጡ ዱቄቱን በእፍኜ ይዤ ጠበቅኋቸው። እናቴ አፈረችብኝ፤ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። አብረዋቸው የመጡት የንስሐ አባታችን ግን ከእጄ ቆንጥረው ቀመሱ፣ ድንጋዩንም ዞረው አዩት።

«ገድላቸው ዝቋላን ይላል፤ ቡራዩን አይልም» አሉ። «ለአቦ የራሳቸው ይበቃቸዋል። የነዚህን እናቶች ላብ አንጨምርላቸው።»

እናቴ አንገቷን ደፋች፤ ከዚያ ሄዳ የአኮን ጉልበት ሳመች። ጋሪው ባዶውን ተመለሰ። በሚቀጥለው የአቦ ቀን የዝክሩ ዳቦ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቆረሰ፤ ቆራሿ አኮ ነበሩ።

ዛሬ ባሕር ዛፎቹ የሉም። ግቢው በብሎኬት ቤት ተሞልቷል፤ ዱቄት በላስቲክ ከሱቅ ይገዛል። አኮም እናቴም አልፈዋል። ድንጋዩ ግን ጫልቱ በር ላይ አለ፤ ፎቶው ላይ ትንሿ ልጇ ተቀምጣበታለች። ከሥሩ ጫልቱ እንዲህ ጽፋለች፦ «ይቺ ውሸታም፣ የአኮ እናት እዚህ ሲፈጩ አንበሳ ይጠብቃቸው ነበር ብላ ለክፍሏ ልጆች አወራች።»

«አንበሳ አልነበረም በያት» ብዬ ጻፍኩ። ሳልልከው አጠፋሁት። ለአቦ ገድል ተጽፎላቸዋል። ለአኮ እናት ያለቻቸው ይቺው ልጅ ናት።