የይርጋጨፌ መንገድ ተዘግቷል

እህቴን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናታችን ስትሞት እሷ ገና የወተት ጥርሷን አልነቀለችም ነበር። ስለዚህ ይርጋጨፌ የሚኖር አንድ ቡና ገዢ ላግባት ብሎ ሽማግሌ ሲልክባት፣ ሽማግሌዎቹን ዲላ ሱቄ ውስጥ አስቀምጬ አንድ ነገር ጠየቅኩ፤ ከባድ ነገር ሲመጣ ሰውየው ያለ እኔ ቃል እንዳይወስን። እሺ ብሎ ላከ። እንዲህ ቶሎ እሺ ማለቱ ራሱ አላማረኝም።

ሰውየውን አልወደውም ነበር፣ ምን እደብቃለሁ። ዱመርሶ ከሚባል ገጠር የወጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ አማርኛውን በጌዴኦኛ ዜማ፣ ቀስ እያለ ነው የሚናገረው። ቀስ የሚለው ውሸቱን እያሰናዳ ነው እል ነበር። አንዴ ነገ እመጣለሁ ብሎ በሦስተኛው ቀን መጣ። በቃ፣ ያን ቀን ፈረድኩበት። ከዚያ ወዲህ እህቴ ስልክ ደውላ እሱ እንዲህ አለ ባለችኝ ቁጥር መልሴ አንድ ነው፤ «ውሸቱን ነው።» በሰዓቱ የመጣባቸውን ቀኖች ግን አንዱንም አላስታውስም።

እህቴ ባረገዘችበት ሰሞን ስልኬ ላይ ፌስቡክ ተጭኖልኝ ነበር። ባለሱቅ ደንበኛ በሌለ ሰዓት ምን ይሠራል? ቁጭ ብዬ አነባለሁ። የሰፈሩ ሰው ወሬ ሲፈልግ እኔ ዘንድ መምጣት ጀመረ፣ እኔም ደስ አለኝ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አንድ ፎቶ አየሁ። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ መኪና በእሳት ይቃጠላል። «የዲላ ይርጋጨፌ መንገድ ተዘግቷል» ይላል ጽሑፉ። እህቴ ደግሞ ወሯ ገብቷል። ከሥሩ አንዱ «ውሸት ነው፣ አሁን ከዚያው መጣሁ» ብሎ ጽፏል። ይሄ ደግሞ ካድሬ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ስልኩ ጮኸ። ባሏ ነው።

«እትዬ፣ ምጡ ከንጋት ጀምሮ ነው። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ዲላ ሆስፒታል ውሰዷት ብላለች። አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ወጥቷል፣ እኔ ሚኒባስ አግኝቻለሁ።»

«የትም እንዳትንቀሳቀስ። መንገዱ ተዘግቷል።»

«ሹፌሮቹ ደህና ነው እያሉ ነው እኮ።»

«ሹፌር ለሒሳቡ ሲል ምን የማይልህ አለ? እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ቃልህን አትርሳ።»

በዓይኔ አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሱም «እሺ እትዬ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ከስልኩ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። «ይርጋጨፌ መንገድ ተዘጋ» ብዬ ጻፍኩና ፈለግኩ። ክፍት ነው ወይ ብዬ መፈለግ ሐሳቤም ውስጥ አልገባም። ያው ፎቶ አምስት ሰው ለጥፎት አገኘሁ፤ አምስት ምስክር ብዬ ቆጠርኩ። እሱ እንደገና ደወለ። ከኋላው የእህቴ ማቃሰት ይሰማል፣ ድምፅዋ ሌላ ሰው ሆኗል። ቢሆንም «ትንሽ ጠብቁ» አልኩት። ሙጭጭ ነው ያልኩት፤ መንገድ የዘጉት ሰዎች ከሚገድሏት ጤና ጣቢያ ትቆይ ብዬ።

አሥር ሰዓት ገደማ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ውሃ ሊገዛ ገባ። ከየት ነው የመጣኸው አልኩት፣ ለአፌ ያህል።

«ከይርጋጨፌ።»

«በየት ዞረህ?»

ሳቀ። «በየት ይዞራል እትዬ? ቀጥ ብዬ ነዋ የመጣሁት።»

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ይሄም ይዋሻል የሚል ነበር። ከዚያ ቀና ብዬ በሱቄ በር አየሁ። ሱቄ አውራ መንገዱ ላይ ነው። ቡና የጫነ አይሱዙ አለፈ፤ ተከትሎት ሰው የሞላ አውቶቡስ፣ ግንባሩ ላይ ይርጋጨፌ የሚል ታፔላ የሰቀለ። ከሰዓቱን ሙሉ አፍንጫዬ ሥር ሲመላለሱ ውለዋል ማለት ነው።

ልጅ ሆኜ ይርጋጨፌ አጠገብ አሪቻ ባለው ቡና ማጠቢያ ለቀማ ሠርቻለሁ። ማድረቂያው ሽቦ አልጋ ላይ ከተሰጣው ቡና ውስጥ ጥቁሩን ልቀሙ ተብለን እንለቅማለን። ተቆጣጣሪዋ መጥታ እኔ ካለፍኩበት እፍኝ ስታነሳ ግማሹ ነቀዝ የበላው ነው። «ጥቁር ስትፈልጊ ጥቁር ብቻ ነው ያየሽው» ብላኝ፣ ወደ አልጋው ማዶ ዞሬ ከዚያ በኩል እንደገና እንድለቅም ታዘኛለች። ስንቴ እርር ብዬ ዞሬያለሁ። ያን ቀን ግን ማንም ዙሪ ያለኝ የለም።

ፎቶውን መልሼ ከፈትኩት። ድንጋዩንና እሳቱን ትቼ ኋላውን አየሁ። ደረቅ ሜዳ ነው፤ እንሰት የለ፣ ቡና የለ፣ አንድ ዛፍ የለ። በዲላና በይርጋጨፌ መሃል እንዲህ ያለ ራቁት ሜዳ ማን አይቶ ያውቃል? ያን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ወዲያው ደወልኩለት።

«አምጣት። አሁኑኑ አምጣት።»

ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። «እሺ እትዬ» አለ፣ ያችኑ እሺ።

ሆስፒታል በር ላይ ጠበቅኳቸው። እህቴን በቃሬዛ ሲያወርዷት ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፤ ዓይኗ እኔን አያይም። በቀዶ ሕክምና አዋለዷት። ሕፃኗ ቶሎ አላለቀሰችም። ኮሪደሩ ላይ ድምፅዋን ስጠብቅ ቆይቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። ሳምንት ያህል የሚረዝም ጊዜ ቆይታ አለቀሰች። ሐኪሙ ሲወጣ «ምነው ይህን ያህል አቆያችኋት?» አለን። የእህቴ ባል «እናቷስ ደህና ናት?» አለው።

በማግስቱ እህቴ ነቃች። ሕፃኗ ጎኗ ተኝታለች፣ ባሏ ከአልጋው ወዲያ፣ እኔ ከወዲህ ቆመናል።

«ለምንድን ነው የቆየነው?» አለች በደከመ ድምፅ። «ሚኒባሱ በር ላይ ቆሞ ነበር እኮ።»

አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ በዚያው በጌዴኦኛ ዜማው። «መንገዱን ፈርቼ ነው።»

እህቴ ፊቷን ከእሱ ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱ አንገቱን ደፋ፤ ወደ እኔ አላየም። ስንት ዓመት ስፈልገው የኖርኩት ውሸቱ ይኸው መጣልኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር።

«ውሸቱን ነው» አልኳት። «ያስቆየሁሽ እኔ ነኝ።»